ለማስተዋል ሠርግ ያስገጠምኩት ቴፕ

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ጆሮው ሌላ ነው። እናንተ አዲስ መኪና የምትነዱ ሰዎች ይህን አታውቁትም፤ የእናንተ መኪና ሲታመም መብራት ያበራላችኋል፣ አንዳንዱማ በሴት ድምፅ ይናገራል አሉ። የእኛዋ ማቃሰት ብቻ ነው የምታውቀው። ስለዚህ እየነዳን እናዳምጣለን፤ ከኋላ ቋ ቋ ስትል ጎማዋ ነው፣ ዳገት ላይ ስታፏጭ ቺንጊያዋ ነው እንላለን። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ የምትነግረኝን ግማሹን የማልሰማው በዚህ ምክንያት ነው። እሷ ሌላ ምክንያት ትሰጠዋለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው መኪናው ላይ ቴፕ ያስገጥማል? አያስገጥምም። እኔም ብዙ ዘመን ሳላስገጥም ኖሬያለሁ። የድሮው ሬዲዮ ከሞተ ቆይቷል፤ በቦታው የቀረው ቀዳዳ የመነጽሬና የማስቲካ ማስቀመጫ ሆኖ ነበር። ያስገጠመኝ የማስተዋል ሠርግ ነው።

ማስተዋል የእህቴ ልጅ ናት። እህቴ ስታርፍ ገና ድክ ድክ ትል ነበር፤ እንጅባራ እኛ ቤት አደገች፣ እሷ «ጋሼ» እያለችኝ፣ እኔ በልቤ «ልጄ» እያልኳት። ነርስ ሆና አዲስ ቅዳም አካባቢ ገጠር ተመደበች፤ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬበት ያልቻልኩትን አዊኛም እዚያ አቀላጥፋ ለመደችው። ከዳንግላ ይታያል የሚባል ጨዋ መምህር ሽማግሌ ሲልክ እሺ አለች። ይታያል አንዲት የምታብረቀርቅ ነጭ መኪና ሊከራይላት ሲል ግን እምቢ አለች።

«እኔ በጋሼ መኪና ነው የምሄደው።»

ደስታዬን ደበቅሁና፣ «ይቺ እኮ አርጅታለች፣ ልጄ» አልኳት።

«ታርጅ። ብቻ ዝም ብላ እንዳትሄድ፣ ዘፈን ይኑራት።»

ጌታሁን ጋ ሄድኩ። ጌታሁን በከተማችን ቴፕ በመግጠም የታወቀ፣ ባጃጅን ሳይቀር ጭፈራ ቤት የሚያደርግ ሰው ነው። ዳሽቦርዱን ሲፈታው የሽቦ አንጀት ዝርግፍ አለ። ቀለማቸው ከእርጅና ጠፍቶ ሁሉም አንድ ዓይነት ቡናማ ሆነዋል። አንዱን ሲነካ የዝናብ መጥረጊያው ተነሣ፤ ሌላውን ሲነካ ጥሩንባው ጮኸ። በመጨረሻ የድሮዎቹን ትቶ፣ አንድ ቀይ ሽቦ ከባትሪው አንሥቶ፣ ሞተሩንና ጋቢናውን በሚለየው ብረት ቀዳዳ አሾልኮ፣ በቀጥታ ከአዲሱ ቴፕ ጋር አገናኘው።

«ብረቱ ሽቦውን አይቆርጠውም?» አልኩት።

«ምንም አይሆንም፣ ጋሼ።»

በዚህች አገር እንደ «ምንም አይሆንም» የሚያስፈራኝ ቃል የለም። ግን ሌላ ከመጠየቄ በፊት ቴፑን ከፈተው። ሰማያዊ መብራት ቦግ አለ፤ ከኋላ የተከላቸው ስፒከሮች ደረቴን አንቀጠቀጡት። ጥያቄዬ እዚያው ድምፁ ውስጥ ሰመጠ።

የሠርጉ ዕለት መኪናዬን ብታዩዋት አታውቋትም። በአበባ ተሸፍናለች። ጥብጣቡ ከፊት መከላከያዋ ተነሥቶ ሞተር መክደኛዋን አቋርጦ እስከ መስተዋቶቿ ተወጥሮ ታስሯል። እኔ መሪ ላይ፣ የሙሽራዋ ሻንጣ አጠገቤ፣ ሁለቱ ሙሽሮች ከኋላ። የማስተዋል ቬሎ ለድንኳን ይበቃል፤ ትርፉን ጠቅጥቀን ጠቅጥቀን ከፊተኛው ወንበር ሥር አስገባነው። በእሷ በኩል ያለው በር ከውስጥ አይከፈትም፤ ዱሮም እንደዚያው ነው፤ እኔ ወርጄ እከፍታለሁ ብለን ትተነዋል። ከፊታችን በፒካፕ ላይ የቆመው ቪዲዮ ቀራጭ እጁን እያወዛወዘ፣ ከኋላችን አጃቢው ጥሩንባውን እየነፋ፣ ወደ ዳንግላ ጉዞ ጀመርን።

አዲስ ቅዳምን አልፈን፣ ግራና ቀኙ ለከሰል የተተከለ ደን የሆነበት መንገድ ውስጥ እንደገባን፣ ቺንጊያዬን ላዳምጥ ሞከርኩ። ምን ይሰማል! ማስተዋል ከኋላ እያጨበጨበች «ጨምረው፣ ጋሼ!» ትላለች። ጨመርኩት። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሽታ መጣ። መጀመሪያ ከውጭ የከሰል ጭስ ነው ብዬ ነበር። ከሰል ግን እንደ ተቃጠለ ፕላስቲክ አይሸትም። ቴፑ ድንገት ጸጥ አለ። ከሥሩ ነጭ ጭስ እንደ እባብ እየተሳበ ወጣ፤ ከጭሱ ኋላም ትንሽ ቢጫ ነበልባል አየሁ።

ቬሎ ደግሞ እንደ ክብሪት ነው የሚቀጣጠለው።

መኪናዋን ዳር አስይዤ ዘለልኩ። ዞሬ በሯን ከፈትኩላት፤ ማስተዋል ልትወርድ ተነሣችና መልሳ ተቀመጠች። ቬሎዋ የወንበሩ ብረት ውስጥ ገብቶ ተይዟል። ይታያል በወዲያኛው በር ወርዶ መጣ፤ ሁለታችን ብንጎትት አልለቀቅ አለ። ጭሱ ፊቷን ሸፈነው፤ ስታስል ይሰማኛል።

«ቅደደው!» አለችው።

«የኪራይ እኮ ነው...» አለ ምስኪኑ።

«ይታያል! ቅደደው!»

እሱን እዚያው ትቼ፣ «ቀዩ ሽቦ ከባትሪው ካልተነቀለ እሳቱ አይቆምም!» እያልኩ ወደ ፊት ሮጥኩ። መክደኛውን ሳነሣው የጣት ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ቆመ። ጥብጣቡ! ያን ሁሉ ጥብጣብ ያሰሩት ሴቶች ቋጠሮ ሲያውቁበት! በጥርሴ ይዤ ታገልኩት። ከኋላዬ ጨርቅ ሲቀደድ ሰማሁ፤ ዞሬ ለማየት ግን ጊዜ አልነበረኝም። እህቴ «ልጄን አደራ» ስትለኝ የገባሁላት ቃል በዚያች ቅጽበት ትዝ አለኝ።

በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ የከሰል ጋሪያቸውን አቁመው፣ መጥረቢያ እንደያዙ ወደ እኔ ሲሮጡ አየሁ። አጃቢዎቹ ጮኹ። ሽማግሌው ጥብጣቡን በአንድ ምት በጠሱት። መክደኛው ተከፈተ። በአዊኛ የሆነ ነገር ጠየቁኝ፤ ምን ልበል? ከጭሱ ውስጥ ማስተዋል በአዊኛ ጮኻ መለሰችላቸው። ምን እንዳለቻቸው ያወቅሁት፣ የመጥረቢያቸውን ስለት በቀዩ ሽቦ ሥር አስገብተው ሲጎትቱት ነው። ከባትሪው ተነቀለ። ይታያል ኮቱን አውልቆ ነበልባሉን አፈነው።

ማስተዋል ከጭሱ ውስጥ ወጣች። ቬሎዋ ከጉልበቷ በታች የለም፤ ፊቷ ጥላሸት ለብሷል። ቀጥታ ወደ ሽማግሌው ሄዳ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዘው አነሷት፤ በአዊኛ መረቋት። አንዲትም ቃል አልገባኝም። ግን «አሜን» እያልኩ አለቀስኩ።

ሠርጉ ላይ እንዲመጡ ለመንናቸው። «ከሰሌን ሸጬ» አሉ በአማርኛ። መጡም፤ ክብር ቦታ ተቀምጠው በሉ፣ ጠጡ። መኪናዋም አላሳፈረችኝም፤ ቁልፏን ሳዞር ተነሣች። ዳንግላ የገባነው በአጃቢዎቻችን እልልታና ጭብጨባ ነው። ጌታሁን ነገሩን ሲሰማ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ዓይኔን ሳያይ ሽቦውን በወግ በወጉ ዘርግቶ፣ ፊውዝ አስገብቶ፣ ቀዳዳውን በጎማ ሸፍኖ ሄደ። ቂም አልያዝኩበትም።

አሁን የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው። ያ ቪዲዮ ቀራጭ እኛ ከእሳት ጋር ስንታገል ለካ መቅረጹን አላቆመም። ከነጭ ጭስ ውስጥ አጠር ያለ ቬሎ የለበሰች ሙሽራ ቀስ ብላ ስትወጣ የሚያሳየውን፣ ከሥሩ ለስለስ ያለ ሙዚቃ አድርጎበት ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው፤ አገር ምድሩ በስልኩ አየው።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አንድ ጎረምሳ በትሕትና ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ሊያገባ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለኝ፣ «ያቺን ጭስ የት ነው ያስገጠሟት?»

ፊቱን አየሁት፤ የምሩን ነው። ምን ማድረግ እችላለሁ?

ጌታሁን ጋ ሰደድኩት።