እርስ በርስ የሚጠባበቁት ሦስቱ

አንድ ጽሑፍ አልገባ ሲለን ወቀሳው ወደ አንባቢው እንጂ ወደ ጸሐፊው እንደማይሄድ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የመንግሥት ማስታወቂያ ካልገባችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው። የመድኃኒት ወረቀት ካልገባችሁም የእናንተው ነው። ጸሐፊው አለቃችሁ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ መጠርጠሩ ራሱ ድፍረት ነው፤ ዓይናችሁን አሸት አሸት አድርጋችሁ እንደገና ታነባላችሁ እንጂ «እዚህ ላይ ተሳስተዋል» አትሉም። እኔም አላልኩም። ባለማለቴ በደርግ ዘመን አርብ ገበያ ላይ ልታሰር ነበር።

ያኔ አዲስ አበባ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ቁም ሣጥን የሚያካክል ኮምፒውተር ከሚያሠሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ትልቅ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ አይጻፍም፤ በየክፍሉ ተጽፎ ኋላ ይገጣጠማል። የትኛው ክፍል ከየትኛው በኋላ እንደሚገጠም የሚናገር ዝርዝር አለው። የፈተና ውጤት የሚያትመውን የእኛን ፕሮግራም ዝርዝር የጻፉት አለቃዬ ናቸው፤ ዝርዝሩን አንብቦ የመገጣጠሚያውን ተራ የሚያወጣ ሌላ ፕሮግራም እንድጽፍ የታዘዝኩት ደግሞ እኔ። ጻፍኩ። ማሽኑም ማንበብ ጀመረ፤ ጀመረ እንጂ አልጨረሰም። ጠዋት ያስጀመርኩት ከምሳ ስመለስም እያነበበ ነው። አለቃዬ በመነጽራቸው አናት አዩኝና «ከእረፍት ስትመለስ ካልሠራ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ሰው ጎድሎናል» አሉኝ። ያን ማሽን እወደው ነበር። ከእሱ ተነጥሎ መጥረጊያና ባልዲ ሲያስረክቡ መዋል ሞት መሰለኝ።

ስለዚህ ፕሮግራሜንም ዝርዝሩንም ዳርና ዳሩ በተበሳ ረጅም ወረቀት አትሜ፣ አገሬ ታች ጋይንት ገባሁ። ዓርብ ዕለት ከገበያው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ወረቀቱን ዘርግቼ በቀይ እስክሪብቶ ቀስት ስስል ሁለት ታጣቂዎች መጥተው ከነወረቀቴ ወደ ገበሬ ማኅበሩ ቢሮ ወሰዱኝ። አልፈርድባቸውም፤ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍና ነጥብ፣ ቀይ ቀስት! እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ራሴን እይዘው ነበር።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ አበራ ወረቀቱን አገላበጠና «ይኸ የምስጢር ጽሑፍ ነው። ለማን ነው የምታደርሰው?» አለኝ።

«ለማሽን» አልኩ። መልሱ ብዙም አልጠቀመኝም።

እግዜር ሲረዳ፣ የዚያው አገር የቤተ ልሔም ደብር የድጓ መምህር መሪጌታ ጥበቡ ለተማሪዎቻቸው የይለፍ ወረቀት ሊጠይቁ መጥተው እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ጓድ አበራ በስብሰባ ላይ ካህናቱን ሳይነካ አይውልም፤ የሚነበብ ነገር ሲቸግረው ግን ወዴት እንደሚዞር ያውቃል።

«መሪጌታ፣ እስቲ ይኸን ይዩልኝ።»

«ፊደሉን አላውቀው» አሉ መሪጌታ። «አንተ ልጅ፣ አንድ ባንድ በአማርኛ በለው፤ እኔ እሰማለሁ።»

የድጓ ምልክት አይታችሁ ይሆናል። ከቃሉ አናት ላይ አንዲት ሁለት ፊደል ትቀመጣለች፤ «ይህን እንደዚያኛው ዜማ በል» ማለቷ ነው። ያንን ያልያዘ ይህን አይደርስበትም። መሪጌታ ዕድሜ ልካቸውን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሲላኩ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡኝ ጀመር፤ እኔም «ይኸኛው ክፍል ያኛውን ይጠብቃል» እያልኩ የዝርዝሩን አርባ መስመር አነበነብኩ። ልጨርስ ስል የዝንብ ጭራቸውን አነሡ።

«ቆይ። ገጽ ቆጣሪው ማንን ይጠብቃል አልህ?»

«አታሚውን።»

«አታሚውስ?»

«ደርዳሪውን።»

«ደርዳሪውስ?»

መስመሩን በጣቴ ፈለግሁ። «ገጽ ቆጣሪውን» አልኩ።

መሪጌታ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ይኸማ የኛው የካህናቱ ነገር ነው! ዝክር ተጠርተን ደጃፍ ላይ ‹ይቅደሙ›፣ ‹ኧረ እርስዎ ይቅደሙ› ስንባባል እኛ ውጭ እንቀራለን፣ ወጡ ውስጥ ይቀዘቅዛል። አንዱ ባለጌ ሆኖ ካልገባ ማንም አይገባ!»

ታጣቂዎቹ ሳቁ፤ ጓድ አበራም ኮስተር ለማለት ሞክሮ አቃተው። እኔ ዘልዬ የመሪጌታን ጉልበት ሳምኩ። ስንት ቀን የገዛ ፕሮግራሜን ስበረብር አለቃዬ የጻፉትን ዝርዝር አንድ ቀን አልጠረጠርኩትም! ፕሮግራሜ ጤነኛ ነበር፤ ሲያዞሩት የሚዞር ታዛዥ ነበር። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። አለቃዬን «ስህተቱ የእርስዎ ነው» የሚላቸው ማን ነው? እኔ? ከዚያስ ግምጃ ቤት ይቀርልኛል?

ጓድ አበራ ይህን አላወቀም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ የተያዘ ወረቀት ያለ ደብዳቤ አይለቀቅም። ስለዚህ ካርቦን አስገብቶ፣ ለመሥሪያ ቤቴ፣ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «በቁጥጥር ሥር የዋለው ጽሑፍ በሊቃውንት ታይቶ ለአብዮቱ የማያሰጋ መሆኑ ተረጋግጧል። ሆኖም ሦስት መስመሮቹ እርስ በርስ ስለሚጠባበቁ ጸሐፊው በአስቸኳይ እንዲያርም እናሳስባለን።» ክቡን ማኅተም እፍ ብሎ መታበት።

ሰኞ ደብዳቤውን ከዝርዝሩ ጋር አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ማኅተሙን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት። ከዚያ ዝርዝሩን ስበው አንዷን መስመር ሰረዙ። ማሽኑ ሻይዬ ሳይበርድ አንብቦ ጨረሰ፤ ስለ ግምጃ ቤቱም ዳግመኛ አልተነሣም።

ልወጣ ስል ግን ጠሩኝ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ግልባጩ ለማን ለማን ደርሷል?»