ፍሬኑ እንዴት አደረ?

እኛ ሰላምታ ላይ እውነት መናገር ነውር የሆነብን ሰዎች ነን። ትኩሳት እያንቀጠቀጠው የተጋደመ ሰው እንኳ እንዴት ነህ ሲሉት፣ “ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን” ይላል። ደህና ከሆነ ሦስት ጋቢ ደራርቦ ምን ይሠራል? ብዬ ብጠይቅ ግን ባለጌው እኔ ነኝ። በዚህ ልማድ ላይ ቂም አለኝ፤ ቂሙም ያለው ቀኝ እግሬ አውራ ጣት ላይ ነው።

ነገሩ የሆነው አቃቂ ነው፣ ባቡሩ ገና ከጅቡቲ ይመላለስ በነበረበት ዘመን። ከጣቢያው ጎን ባለ መጋዘን ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ተቆጣጣሪ ስል ኮራ ብዬ ነው እንጂ፣ የምቆጣጠረው አንዲት ፎርክሊፍት ብቻ ነበር። ከፉርጎ የወረደውን ሳጥን በሁለት የብረት ጣቶቿ አንስታ ወደ መጋዘን ታስገባለች። አንድ ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት ቅጽ መጣ፤ “የዕለት የደህንነት መጠይቅ” ይላል። ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ፣ ክላክስ፣ ሁሉም በየማለዳው እየተጠየቀ ምልክት ይደረግበታል። ደህንነት መጠየቅማ ምን ያቅታል? አፌን ከፈታሁ ጀምሮ ሥራዬ እሱ አይደል!

ሾፌሩ ጋሽ ደበላ ናቸው። መጋዘኑ የቆመበት መሬት ላይ አባታቸው ጤፍ ያርሱ ነበር፤ እሳቸውም ፎርክሊፍቷን እንደ በሬ እየተቆጡ ነው የሚነዷት። ጠዋት ጠዋት ቅጼን ይዤ እሄድና፣ ጋሽ ደበላ፣ ፍሬኑ እንዴት አደረ? እላቸዋለሁ። ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መሪውስ? ደህና። ጎማውስ? ተመስገን። አንዳንዴ ለለውጥ ያህል በኦሮምኛ እጠይቃለሁ፤ በኦሮምኛም መልሱ “ነጋ” ነው፣ ሰላም ማለታቸው። በሁለት ቋንቋ ጤነኛ የሆነ መኪና ከየት ይገኛል? ምልክት አደርጋለሁ፣ እፈርማለሁ፣ እሄዳለሁ። ጎንበስ ብሎ ማየት የሚባል ነገር ትዝም ብሎኝ አያውቅ።

ደግሞ ያን ሳምንት ልቤ እዚያ አልነበረም። እሁድ ሞጆ ላይ አብሮ አደጌ ሊያገባ ነው፤ አንደኛ ሚዜው ማን መሰላችሁ? እኔ! ቅዳሜ ከሰዓት ባቡር መሳፈር አለብኝ። አለቃችን ግን ዕቃ ስለተከመረ እሁድም ሥራ አለ፣ ከታመመ ሰው በቀር ፈቃድ የለም ብለው ቁርጡን ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። ባቡር በጮኸ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ምን ልታመም? ዓርብ ዕለት ሳል ሞከርኩ፤ አለቃችን ውኃ ጠጣበት አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ቅጹን ከወትሮው ፈጠን ብዬ ሞላሁ። ፍሬኑ ደህና፣ ሁሉም ደህና። ገና እስክሪብቶዬን ኪሴ ሳልከት፣ ጋሽ ደበላ የሚስማር ሳጥኖች ደራርበው ወደ መጋዘኑ የምታስገባውን ቁልቁለት መውረድ ጀመሩ። ወረዱ፣ ወረዱ፣ መቆም የለም! ዞር በል አንተ! የሚል ጩኸት ሰምቼ ዘለልኩ። ፎርክሊፍቷ ከግንቡ ጋር ተላትማ ቆመች። የላይኛው ሳጥን ግን አልቆመም፤ መጥቶ አውራ ጣቴ ላይ ዐረፈ። ወይኔ! ሰማይና ምድሩ ዞረብኝ።

ፍሬኑ ደህና ነው አላሉኝም ወይ? ብዬ ብጮህባቸው፣ ጋሽ ደበላ ጭራሽ ተቆጡ። ለካ ከሰኞ ጀምሮ ዘይት ያፈሳል፤ ሦስቴ ካልረገጡት አይዝም። “አንተ እንዴት አደረ አልከኝ እንጂ ይይዛል ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል? እንዴት አደረ ላለኝ ሰው በጠዋቱ ችግር ልዘርግፍበት?” አሉኝ።

ደግሞስ ለምን እቆጣለሁ? ተጎድቻለሁ እኮ! ሞጆ! አፌ ያቃስታል፣ ሆዴ እልል ይላል። አለቃችን የአደጋ ሪፖርት ቅጽ ይዘው እየሮጡ መጡ። ደንግጠዋል፤ ድምፃቸው የአባት ሆኗል። እንዴት ነህ ልጄ? አሉኝ።

ሳምንቱን ሙሉ የጠበቅኩት ጥያቄ! ለታላቅ ሰው ተቀምጦ አይመለስማ፣ እንደምንም ተነሣሁ፣ እጅ ነሣሁ። አፌም እኔን ሳያማክር፣ “ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን” አለ።

ተመስገን አሉና “የተጎዳ ሠራተኛ የለም” ብለው ጻፉ፤ ፈረሙ። ኧረ ጣቴ! ብል ማን ይስማኝ? ጎንበስ ብለው እግሬን አላዩትም፤ እኔስ መቼ ጎንበስ ብዬ አውቃለሁ? ከሰዓት የሞጆው ባቡር ጮኾ ሲያልፍ፣ አንደኛ ሚዜው በአንድ እግር ጫማ ፎርክሊፍቷ ሥር ተንጋሎ ፍሬኑን ሲመረምር ዘይት ይንጠባጠብበት ነበር።