ወይዘሮ ይሰበራል

ሰው በሚሠራበት ቦታ ሁሉ፣ ሥራው ገና ሳይጀመር አወዳደቁን የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። መሠረት ሲቆፈር ደርሶ «ይሄ ግድግዳ አይቆምም» ይላል። መኪናችሁን ልታስነሱ ስትሉ መስኮቱን አንኳኩቶ «ይቺ ጎማ አታደርስህም» ይላል። ደመወዝ የሚቆርጥለት የለም፤ ከሥራው ግን አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። እናንተም ቤት አለ። የለም ካላችሁ፣ እናንተው ሳትሆኑ አትቀሩም።

የእኛ ቤት ተሿሚ አክስቴ ናቸው፤ ክብርት ወይዘሮ ይሰበራል። ስሙን እኛ ነን ያወጣንላቸው። አያውቁም ብለን ነበር፤ ለካ ያውቃሉ።

የምንሠራው ብርጭቆ ነው፤ በእጅና በትንፋሽ። የአክስቴ ባል ጋሼ የቀለጠውን ብርጭቆ በረጅም የብረት ቧንቧ ጫፍ ላይ ጠቅልለው ከምድጃው ያወጡና፣ አግዳሚያቸው ላይ ተቀምጠው እያሽከረከሩ ውሃ በተነከረ ጋዜጣ ቅርጽ ያስይዙታል። ልጃቸው በሌላው ጫፍ ተንበርክካ ትነፋለች። እኔ የማሞቂያውን በር እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፤ እየጠነከረ የመጣ ብርጭቆ ተመልሶ የሚለሰልሰው እዚያ ነው። አክስቴ ደግሞ እስከ ክርናቸው የሚደርስ ወፍራም ጓንት አጥልቀው ይጠብቃሉ። ጋሼ ቧንቧውን መታ ሲያደርጉት ብርጭቆው ተላቆ የሚያርፈው በእሳቸው ክንድ ላይ ነው፤ ተቀብለው ቀስ እያለ በሚበርድበት ሁለተኛ ምድጃ ውስጥ ያስተኙታል።

የሚያሽከረክር እጅ ለአፍታ ከቆመ፣ ብርጭቆው እንደ ማር ወደ አንድ ጎን ይዘረጠጣል። ስለዚህ ሥራ ላይ ሆኖ ቀና ብሎ ሰው የሚያይ የለም፤ የምንግባባው በጆሮ ነው። ለጆሯችን የሚደርሰው ደግሞ የአክስቴ ድምፅ ነው።

«ይሰበራል።» «አንገቱ ቀጠነ።» «ተዉት ብያለሁ፣ ማን ይስማኝ።» «እኔን ጓንት ከምታስለብሱኝ መጥረጊያ ብታስይዙኝ ይሻል ነበር።» የአበባ ማስቀመጫ የገዛ ሰው ሲወጣ በር ድረስ ሸኝተው «መንገድ ላይ ካልተሰበረ ቤት ይሰበራል» ብለው ይመርቁታል። ትንቢታቸው ግን አይደርስም። አለቀለት ካሉት አብዛኛው ዛሬም ሰው ቤት አበባ ይዞ ተቀምጧል። ይህም ከእምነታቸው ፈቀቅ አላደረጋቸውም።

አንድ ቀን ለአዲስ የሙዚቃ አዳራሽ የሚሆን ትልቅ መብራት እንድንሠራ ተጠየቅን። አርክቴክቱ ራሱ መጥቶ ሊያየን ነው፤ ካላመነን ከፋብሪካ ያስመጣል። ጋሼ እንቅልፍ አጡ። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ሁሉ የገባው ጓዳና መደርደሪያ ላይ ነው፤ አንድ ነገር እንኳ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ በሚያየው ቦታ እንዲሰቀልላቸው ይመኙ ነበር። ጠዋት ሚስታቸውን ጥግ ወስደው «እንግዳ ፊት ነው፤ ለዛሬ ብቻ አፍሽን ሰብሰብ አድርጊልኝ» አሏቸው።

አክስቴ «እኔ ደግሞ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ» አሉና ዝም አሉ።

ሥራው ተጀመረ። ጋሼ ያሽከረክራሉ፣ ልጅቱ ትነፋለች፣ ብርጭቆው ሀብሐብ አከለ፣ ከዚያም አለፈ። ክፍሉ ግን ጭር በማለቱ፣ ቤት ምድጃ ሳያጠፋ እንደወጣ ሰው ልባችን አልረጋ አለ። እኔ በሩን ያለ ሰዓቱ ከፈትኩ። አክስቴ የዝምታቸው ጣጣ መሆኑ ገባቸው መሰለኝ፣ ሊያበረታቱን ፈልገው ከተወለዱ ብለውት የማያውቁትን ቃል አወጡ። «ያምራል» አሉ።

ጋሼ ዞረው አዩአቸው። እጃቸው ቆመ። ልጅቱም ቧንቧውን ከአፏ አውጥታ «እማዬ፣ አሞሻል?» አለች። በዚህ መሐል ብርጭቆው ተንዘላዝሎ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ይሰበራል የተባለው ሁሉ ተርፎ፣ ያምራል የተባለው ጠፋ።

አርክቴክቱ ሰዓቱን አየ። አክስቴ ጓንታቸውን አወለቁ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ውጭ እሆናለሁ» አሉ ቀስ ብለው። አንጀቴን በሉት። እኚህን ሴትዮ ምን ያህል እንደምወዳቸው ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ጋሼ ጀርባቸውን እንደሰጡ ከምድጃው አዲስ ብርጭቆ እየጠቀለሉ «ጓንትሽን አጥልቂ» አሉ።

«አጥልቄስ ምን ላደርግ?»

«የለመድሽውን ተናገሪ። ካንቺ ሌላ የሚቀበልልኝ የለም።»

አክስቴ ጓንቱን አጠለቁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመጀመሪያው ያልሆነ ሁለተኛው ሊሆን ነው?» ብለው ጀመሩ። እፎይ አልን። «ይሰበራል» ሲሉ ልጅቱ ነፋች። «ቀዘቀዘ፣ አበቃለት» ሲሉ እኔ በሩን ከፈትኩ። «ይሄ አሁን መብራት ነው ዱባ?» ሲሉ ጋሼ ጎኑን አቃኑ።

አርክቴክቱ ጠጋ ብሎ «ሴትዮዋ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?» አለኝ።

«ደህና ሲሆኑ» አልኩት።

ጋሼ ቧንቧውን መታ አደረጉት። መብራቱ ተላቆ አክስቴ ክንድ ላይ አረፈ። እንደ አራስ ልጅ ደግፈው ወስደው አስተኙት። በርዶ ስናወጣው ምንም አልሆነም። አርክቴክቱ ተደሰተ፤ አክስቴ «ገና መሰቀል አለ እኮ» አሉት።

አዳራሹ የተመረቀ ቀን ጋሼ አዲስ ኮት ለብሰው፣ አንገታቸው እስኪደነዝዝ ሽቅብ አዩ። ሰዉም እያንጋጠጠ ይገባ ነበር። አክስቴን ግን አጣኋቸው። ብፈልግ ብፈልግ፣ ገና ባዶ ከሆኑት የመሐል ወንበሮች ልክ ከመብራቱ ሥር ያለውን መርጠው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ይሰበራል ብለው የለ እንዴ? ምነው እዚህ ተቀመጡ?» አልኳቸው።

«ታዲያ ሲወድቅ ማን ሊቀበለው ነው?» አሉኝ።

ቦርሳቸውን ከጎናቸው አንስተው ቦታ ለቀቁልኝ፤ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።