ውሻዋ ስም አላት

እንግሊዞች ግርም የሚሉኝ ሰዎች ናቸው። አንድ የአውቶቡስ መስመር ሲዘጋባቸው እንደኛ «ድሮስ መቼ በሰዓቱ ይመጣ ነበር» ብለው አያልፉትም። መጽሐፍ ያወጡለታል። በፎቶግራፍ የታጨቀ፣ ወረቀቱ የሚያብለጨልጭ መጽሐፍ! በቀን ሦስት ሰው ለሚሳፈርባት የባቡር ጣቢያ መጽሐፍ አላቸው፤ ለድልድይ አላቸው፤ አርጅቶ ለተጣለ ትራም አላቸው። በየመንደሩ አንድ ጡረታ የወጣ አስተማሪና አንድ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ይገናኙና የታሪክ ማኅበር ይመሠርታሉ፤ ከየቤቱ ቁም ሣጥን ፎቶ ለቅመው፣ ከእያንዳንዱ ሥር ማን እንደሆነ፣ ከማን በስተግራ እንደቆመ፣ ኋላም ማንን እንዳገባ ሳይቀር ይጽፋሉ።

እስቲ እናንተ ደግሞ የቤታችሁን አልበም አውጡና የአያቶቻችሁን ፎቶ ፈልጉ። «ይሄ ባርኔጣ ያደረገው ማነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ «የእትዬ እንትና ወንድም መሰለኝ» ትባላላችሁ። በቃ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እያለ የሚተርት ሕዝብ፣ ስም ለመጻፊያ እስክሪብቶ ያጣል። ይሄ ያናድደኛል። እርግጥ እኔን የማያናድደኝ ነገር ጥቂት ነው፤ ባለቤቴ «አንተ እኮ ለንዴት ቤልትዌይ ብቻ ይበቃሃል» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖሩ አሌክሳንድሪያ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ መሆን ማለት ቤልትዌይ በሚሉት መኪና የታጨቀበት የአሜሪካ ቀለበት መንገድ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ መናደድ ማለት ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ንዴት ግን የመንገድ ንዴት አይደለም።

ከጋራዣችን ትንሽ አለፍ ብሎ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥበት ቤት አለ። ምሳዬን ቶሎ ከጨረስኩ እዚያ እገባለሁ። ሰው የሠርግ አልበም እያየ እንደሚፈዝ ሁሉ እኔ የአሮጌ ሞተር ፎቶ እያየሁ እፈዛለሁ። አንድ ቀን፣ እዚያ አካባቢ ይኖር የነበረ እንግሊዛዊ ሞቶ ልጆቹ መጻሕፍቱን በካርቶን አምጥተው ነበርና ስበረብር፣ በአንዲት ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ ስለነበረ የጭነት መኪና ፋብሪካ የሚያወራ መጽሐፍ እጄ ገባ። የከተማዋ የታሪክ ማኅበር ያሳተመው ነው። ገለጥ ገለጥ ሳደርግ «መኪኖቻችን በባሕር ማዶ» ከሚል ምዕራፍ ደረስኩ። አንድ ገጽ ሙሉ የዓባይ በረሃ! ያ ገደል፣ ያ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ኮፈኑ የተከፈተ ከባድ መኪና። ከመኪናው ፊት ቁምጣ የለበሰ ነጭ ሰውዬ፣ ከእግሩ ሥር ውሻ፣ ከጎኑ እጅጌውን የሰበሰበ ቀጭን ሐበሻ። ከፎቶው ሥር ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳላነብ ገዛሁት።

የገዛሁት ለጋሽ ዘለቀ ነው። ጋሽ ዘለቀ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ከሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ በጃንሆይ ጊዜ የጎጃምን መንገድ በጭነት መኪና ሲመላለሱበት የኖሩ አዛውንት ናቸው። የልጅ ልጃቸው ቤቲ ሃይስኩል ናት። እሳቸው በአማርኛ ይጠይቋታል፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ሁለቱም የገባቸውን ይዘው ይውላሉ። የለመዱትን መንገድ ቢያዩ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጽሐፉን ይዤ ወጣሁ። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ገጹን ወደ መስኮቱ አዞሩት።

«ካሳሁን» አሉኝ፣ «ይሄ እኮ እኔ ነኝ።»

«የቱ ጋሼ?»

«ውሻዋ ነኛ! የቱ ይመስልሃል?»

ከዚያ ጀመሩት። ፋብሪካው መኪናው የእኛን አገር ዳገት ይችል እንደሆነ ሊሞክር ሚስተር ሆጅ የሚባል መሐንዲስ ይልካል። ሹፌር ሆነው የተቀጠሩት ጋሽ ዘለቀ ናቸው። በረሃውን ሲወርዱ የፊት ባሌስትራው፣ ክብደቱን የሚሸከመው ብረት፣ ይሰበራል፤ ድንጋይ ደግሞ ራዲያተሩን ይበሳዋል። ሚስተር ሆጅ «ዕቃው ከእንግሊዝ መምጣት አለበት» ብሎ ጃንጥላውን ዘርግቶ ይቀመጣል። ጋሽ ዘለቀ ወይራ ቆረጡ፤ ጠርበው በባሌስትራው ላይ ደርበው በጠፍር አሰሩት። ራዲያተሩን በሳሙና ደፈኑት። በሦስተኛው ቀን መኪናው እያቃሰተ ደጀን ወጣ። ፎቶውን ያነሣው፣ ጉዞ ሊጀምሩ ሲሉ፣ አብሯቸው የነበረ የሆጅ ጓደኛ ነው።

ይሄንን ሲያወሩ ድምፃቸው ራሱ ወጣት ሆነ። ጣታቸውን ከፎቶው ሥር አሳረፉና «እስቲ አንብብልኝ፣ ስለኔ ምን ይላል?» አሉ።

አነበብኩት። ለራሴ ነው ያነበብኩት። «ሚስተር ሆጅ፣ ታማኝ ውሻቸው ሳሊ፣ እና ማንነቱ ያልታወቀ የአገሬው ሰው። የተሰበረው መኪና ከገደሉ የወጣው በሚስተር ሆጅ ብልኀት ነው።»

ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሏችኋል ይሄ ነው። ደሜ ፈላ። ውሻዋ ስም አላት፤ ያውም ታማኝ ተብላለች። መኪናውን በጠፍር አስሮ ከገደል ያወጣው ሰው «ያልታወቀ» ነው! ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ዋሸሁ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ሚስተር ሆጅ፣ ከጎናቸው ጎበዙ ሹፌርና መካኒክ ዘለቀ ወልዴ፣ በእርሱ ብልኀት መኪናው ከገደል ወጣ፣ ይላል» አልኩ። ጋሽ ዘለቀ ፊታቸው በራ።

ቤቲ ለካ ከኋላዬ ቆማ ታነባለች።

«ዌይት፣ ዛትስ ኖት ዋት ኢት ሴይስ» አለች፤ እንደዚያ አይልም ማለቷ ነው። ከዚያ፣ የማታወራውን አማርኛ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ወደ አያቷ ዞራ «አያቴ፣ ያንተ ስም የለም። የውሻው አለ» አለቻቸው።

ጋሽ ዘለቀ ውሻዋን አላዩም፣ ሆጅንም አላዩም። እኔን አዩኝ።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«እንዳይከፋዎት ብዬ ነው ጋሼ።»

«እነሱ ስሜን አላወቁትም፤ ስላላወቁት አልጻፉትም። አንተ ግን ታውቀዋለህ። አውቀኸው እንደ ሕፃን ታባብለኛለህ? ከነሱ ጋር ተጣልልኝ እንጂ!»

አፍሬ መሬት ልገባ ምንም አልቀረኝ። እኔ ደግሞ ሳፍር ይበልጥ እናደዳለሁ። እዚያው ሶፋቸው ላይ ተቀምጬ ለታሪክ ማኅበሩ ኢሜይል ጻፍኩ። ቤቲ አነበበችና ከሰላምታው በቀር ሁሉንም አጠፋችው፤ «ዩ ካንት ሴይ ዚስ ቱ ፒፕል» እያለች፤ ሰው እንዲህ አይባልም ማለቷ ነው። በጨዋ እንግሊዝኛ እሷ ጻፈችው። እኔ በግድ ያስገባሁት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «የውሻዋን ስም ሳትስቱ የሰውየውን እንዴት አጣችሁት?»

ሰበብ ይደረድራሉ ብዬ የመልሱን መልስ ሁለት ሳምንት ሙሉ በልቤ ሳዘጋጅ ሰነበትኩ። ቤልትዌይ ላይ ብቻዬን እየጮኽኩ የተለማመድኩት ስድብ ነበር። አልጠቀመኝም። የማኅበሩ ጸሐፊ የሆኑ አንዲት ሴትዮ «አፍረናል» ብለው ጀመሩ። ያልተሸጡት መጻሕፍት ውስጥ ሁሉ የእርማት ወረቀት እንደሚያስገቡ ቃል ገቡ። ደግሞም ሚስተር ሆጅ የተዉትን የፎቶ ሣጥን ፈትሸው ዋናውን ፎቶ አግኝተዋል፤ መጽሐፉ ላይ የወጣው ለካ በስተቀኝ በኩል ተቆርጦ ነው። ሙሉውን ላኩልን። በቀኝ በኩል ሁለት የውኃ ቆርቆሮ የጫነች አህያ አለች፤ አጠገቧ ጋቢውን ያደገደገ፣ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው። ሴትዮዋ በትሕትና ይጠይቃሉ፦ «ሚስተር ዘለቀ የኚህንስ ሰው ስም ይነግሩን ይሆን?»

እኔ ድል እንዳደረገ ሰው ደረቴን ነፍቼ ነበር ያነበብኩላቸው። ጋሽ ዘለቀ ግን ከስልኬ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«ውኃ ያመጣልን ሰውዬ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ያ በረሃ፣ ያ ፀሐይ! ከታች ከወንዙ፣ ሦስት ቀን ሙሉ። እሱ ባይኖር እኛም ራዲያተሩም ደርቀን እንቀር ነበር።»

«ስማቸውስ?»

ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ጋሼ፣ ስማቸው ማን ነበር?»

«ማነህ ነበር የምለው» አሉ። «ማነህ፣ ውኃ! ማነህ፣ ቶሎ በል እንጂ!» መነጽራቸውን አወለቁ። «በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው፣ ካሳሁን። አልጠየቅኩትም።»

ከዚያ በኋላ ሰላም አልነበራቸውም። ከእኛ ብዙም በማይርቀው ሎረል ለሚኖሩ የድሮ ሹፌር ጓደኛቸው ኮል አደረጉ፤ ሰውየው «አህያ የያዘ ሰው? እዚያ መንገድ ላይ አህያ ያልያዘ ማን ነበረ?» ብለው ሳቁባቸው። ጋሽ ዘለቀ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጉት፤ በሰው ላይ ስልክ ሲዘጉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በዘመድ ዘመድ ደጀንና ጎሐ ጽዮን ድረስ አስጠየቁ። አንዱ «ሞቷል» ይላል፣ ሌላው «የትኛውን ነው የምትሉት?» ይላል። ወር አለፈ። እንግሊዞቹ ወረቀቱን ሊያሳትሙ ስለሆነ መልስ ፈለጉ።

እኔም እንደ አስታራቂ ሽማግሌ፣ «እንግዲህ ምን ይደረጋል ጋሼ፣ የሳቸውን ‹ማንነቱ ያልታወቀ የአገሬው ሰው› ብለው ይጻፉት» አልኩ።

ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። ብርጭቆው ዘለለ።

«ያልታወቀ አይባልም! እናቱ ታውቀው ነበር። ሚስቱ ታውቀው ነበር። አህያዋ ሳትቀር ታውቀው ነበር። ያልጠየቅነው እኛ ነን። እንደሱ ብላችሁ ጻፉ!»

ቤቲ ነገሩ ሲተረጎምላት ብዙ አሰበችበት፤ ከዚያ ሳትከራከር ጻፈችው።

የእርማት ወረቀቷ በፖስታ ስትመጣ የመዳፍ ታህል ናት። ቤቲ በእንግሊዝኛ አነበበች፤ ከዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ እየታገለች ለአያቷ መለሰችላቸው፦ «በመሐል፣ መኪናውን የጠገነው ሹፌርና መካኒክ ዘለቀ ወልዴ። በስተቀኝ፣ ውኃ ያመጣላቸው ሰው፤ አብረውት የነበሩት ስሙን አልጠየቁትም።» እኔ አጨበጨብኩ። ጋሽ ዘለቀ አላጨበጨቡም። ወረቀቷን መልሰው አስነበቧት፤ የራሳቸውን ስም ዝለይው እያሉ፣ ሁለተኛዋን መስመር ብቻ።

«አንተስ፣ ንዴትህ ወጣልህ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«በእንግሊዞቹ እንኳ ወጥቶልኛል። ግን ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም፣ ጋሼ።»

«ጥሩ» አሉ። «የተረፈውን በእኔ ተናደድበት።»

ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ይሄም አናደደኝ።