ዶክተር ጀሮቲች ምንም አታምንም

በየመሥሪያ ቤቱ አይቶ የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ፀሐይ ወጣች ስትሉት "እርግጠኛ ናችሁ?" የሚል። ናይሮቢ ዳርቻ ላለው ለኛ የከብት በሽታ ቤተ ሙከራ የደረሰን ግን የዓይነቱ አውራ ነው፦ ክብርት ዶክተር ጀሮቲች!

ክብርትነቷ ሻይዋ ስኳር እንዳለው በቃል አትቀበልም፤ ትቀምሳለች፣ ታማስላለች፣ እንደገና ትቀምሳለች። የግድግዳውን ሰዓት በእጅ ሰዓቷ፣ የእጅ ሰዓቷን በሬዲዮ ታረጋግጣለች፤ ከዚያ ሬዲዮውን ትጠረጥራለች። ሠርጓ ላይ ቄሱ "ትወጂዋለሽ ወይ?" ሲሏት "ከማን ጋር ሲነጻጸር?" አለች ይባላል። አልነበርኩም፤ ግን አምናለሁ። እኔንማ "ናፉላ፣ ድገሚው" ሳትለኝ የዋለችበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ያን ሰሞን ደግሞ በደስታ ልበር ደርሼ ነበር። ከአንዲት ሕዋስ ዘር ብቻ የምትወጣ፣ አንድ ሞለኪውል ብቻ ለይታ የምትይዝ አንቲቦዲ የምትባል ፕሮቲን አግኝቻለሁ! ላሞች ቢመሳሰሉም በሕዋሳቸው ላይ የተሸከሙት የበሽታ መከላከያ ሞለኪውል ይለያያል፤ የኔዋ አንዷን ላም ትይዛለች፣ ጎረቤቷን ዞር ብላም አታያትም። የያዘችው ሕዋስ በሙከራው ይሞትና ቀለም ሲፈስበት ሰማያዊ ይሆናል። ማይክሮስኮፑ ውስጥ ያ ሰማያዊ ቦግ ሲል ብቻዬን እጮህ ነበር።

"ሞለኪውሉ ከእናት ወይ ከአባት መወረስ አለበት" አለች ጀሮቲች። "ቤተሰብ ላይ ፈትኛት።" ከብቶቹን ራሷ መረጠች፦ ናንዲ አገር የሚኖሩት የአጎቷ የአራፕ ሌሌይ ላም፣ ጥጃዋ፣ እና አጎትየው ለእንግዳ ከሚስታቸው አስቀድመው የሚያስተዋውቁት ኮርማ።

ጥጃዋ ሰማያዊ። እናትየው ምንም። ኮርማው ምንም!

ክው አልኩ። ከሁለቱም ያልተወረሰ ነገር ከየት ይመጣል? አንቲቦዲዬ ያገኘችውን ሁሉ የምትይዝ ቀላዋጭ ናት ማለት ነው።

"ድገሚው።" ደገምኩት፤ ያው። "በአዲስ ደም ድገሚው።" ያው! እስከዚያ ድረስ ጎበዝ ሲሉኝ የነበሩት ሁሉ ዓይናቸውን አሸሹ። ኃላፊያችንም "አንቲቦዲዋን የሚያመርቱት ሕዋሶች ዓርብ ይደፉ፤ ቦታው ይፈለጋል" አሉ። የሁለት ዓመት ልፋቴ ሊደፋ ነው። እንባዬ መጣ።

ጀሮቲች ግን "ኮርማው አባቷ ነው ያለው ማነው?" አለች።

"አጎትሽ ናቸዋ!"

"እሳቸውን ማን አረጋገጠ?" የመኪናውን ቁልፍ ይዛ ወጣች፤ ተከተልኳት።

አራፕ ሌሌይ በቅል የረጋ ወተት አቀረቡልን። እሷ ቅሉን እንኳ ሳትቀበል "አጎቴ፣ የዚች ጥጃ አባት ማነው?" አለች።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? የኔ ኮርማ ነዋ!"

"ላሟን ሲያጠቃት በዓይንዎ አይተዋል?"

"ሌላ ኮርማ ምን ቆርጦት ይደፍራታል?"

ከጓዳ ሚስታቸው ሳቃቸውን ለቀቁት። "ኧረ ንገራት! አጥሩ የፈረሰ ጊዜ የጎረቤት ቀይ ኮርማ እዚህ ከርሞ የለ?"

"አንቺ ሴትዮ!" አሉ አጎትየው።

ቀዩ ኮርማ ደሙን እስኪሰጠን ሁለታችንንም አጥር አዘለለን። ቤተ ሙከራ ገብተን ደሙን ስንፈትን ውጤቱን ለማየት አልደፈርኩም። ጀሮቲች ገፋ አድርጋኝ ዓይኗን ሌንሱ ላይ ደቀነች። ከዚያ "ሰማያዊ! ናፉላ፣ ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ!" ብላ በማቀዝቀዣዎቹ መሃል እያሽከረከረች አስጨፈረችኝ። አንቲቦዲዬ እውነተኛ ናት! ዓርብ ምንም አልተደፋም። ያመኑኝ ሁሉ ሲተዉኝ ልፋቴን ያተረፈችልኝ ምንም የማታምነዋ ናት፤ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ እንደ እህቴ ነው የምወዳት።

አጎትየው ግን እስከ ዛሬ አልተቀበሉም። "መጀመሪያ ያ መሣሪያችሁ ይመርመር" ይላሉ። ይሄም በዘር የሚወረስ ነው መሰለኝ። ዘራቸው ይብዛ!