አቶ አላምንም እናቴ በር ላይ

ውሃ የማይወጣበት ሕንጻ አለ፤ ጥበቃው የማይነቃበት ሕንጻ አለ፤ አንድ ከሃዲ የሌለበት ሕንጻ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ዝም ብሎ የማያምነውን ሰው ማለቴ አይደለም። እሱ እንደማንኛችንም ሥራው ላይ ነው። እኔ የምላችሁ አለማመኑን እንደ ሹመት ይዞ በየደረጃው የሚዞረውን፣ "እንደምን አደሩ?" ሲሉት "ፈጣሪ ይመስገን፤ የለም እንጂ!" የሚለውን ነው።

የእኛ ሕንጻ ባለሹመት አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ሊፍት ጠጋኝ ናቸው። ስም አላቸው፤ የሚጠራቸው ግን የለም። ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ "አቶ አላምንም" ነው የሚባሉት። አንድ ቀን ራሳቸው ስልክ አንስተው "አቤት፣ አላምንም ነኝ" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ቁመታቸው አጠር፣ ክርክራቸው ረዘም ያለ ሰው ናቸው።

ትምህርታቸው አጭር ናት። "እኔ የማምነው በማየው ነው" ይላሉ። "ገመድ አያለሁ፣ ሞተር አያለሁ፣ ፍሬን አያለሁ። ሊፍቱን የሚያወጡትና የሚያወርዱት እነሱ ናቸው። ሌላ ማንም እጁ የለበትም።" ይህን ተናግረው ጥገናቸውን ሲጨርሱ ደግሞ ማንንም ሳያስገቡ መጀመሪያ ብቻቸውን ይወጡበታል። የሥራ ደንባቸው ነው። ታዲያ በሩ ሊዘጋ ሲል ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ያላያቸው የለም። ምን እያሉ እንደሆነ ብንጠይቃቸው "ፎቅ እየቆጠርኩ ነው" ይሉናል። ሊፍቱ ገና አልተነሣም እኮ!

መከራቸውን የሚያበላቸው አፋቸው ነው። የሚክዱበት አፍ ያደገው አማኝ ቤት ነዋ! "ፈጣሪ ምስክሬ ነው፣ ፈጣሪ የለም!" ይላሉ፣ ጠረጴዛ እየደበደቡ። ሰው ሲያስነጥሰው ከሁላችንም ቀድመው "ይማርህ" የሚሉት እሳቸው ናቸው። የበሩ ጥበቃ አንድ ቀን "ማን ነው የሚምረኝ ጋሼ?" ቢላቸው፣ "አንተ ዝም ብለህ ተማር!" ብለው ተቆጡት።

ይኸው ጥበቃ የሌላ እምነት ሰው ነው። ሌላ ቀን ደግሞ፣ "የእናንተ ወገን ጸሎት መቼም አያልቅ! ፈጣሪም እኮ ሥራ አለው" ብሎ ቀለደ። አቶ አላምንም መፍቻቸውን አስቀምጠው ብድግ አሉ።

"ሃይማኖቴን አትንካ!"

"የትኛውን?" አለ ልጁ፣ ግራ ገብቶት።

"የማላምንበትን!"

እኔስ? እኔማ አማኝ ነኝ። ሃይማኖቴን የሚነካ ነገር ካየሁ ስልኬ ላይ ሦስት አንቀጽ መልስ ሳልጽፍ እንቅልፍ አይወስደኝም። ለመጨረሻ ጊዜ ከልብህ የጸለይከው መቼ ነው ካላችሁኝ ግን፣ ያው ስልኬ የጠፋ ለት ነው።

በቤታችን ጸሎቱን የያዘችልን እናቴ ናት። ሦስተኛ ፎቅ አብረን እንኖራለን። ጠዋት ጠዋት የመተላለፊያውን በር ትከፍትና ደፉ ላይ ቆማ፣ ራሷ የደረደረቻትን አጭር ጸሎት ጮክ ብላ ትላለች። በሩን የምትከፍተው ጸሎቱ ለጎረቤቱም እንዲዳረስ ነው። "ለእኛ ብቻ ብዬማ አላስቸግረውም" ትላለች።

ልክ በዚያች ሰዓት አቶ አላምንም ከአራተኛ ፎቅ በደረጃ ይወርዳሉ። አዎ፣ ሊፍት ጠጋኙ በደረጃ! እኛ በር አጠገብ ሲደርሱ ደረጃው ላይ ቁጭ ይሉና የጫማቸውን ማሰሪያ ያስራሉ። ማሰሪያው ቤታቸው ታስሯል። እዚህ ይፈታል፤ እንደገና ይታሰራል። የእናቴ ጸሎት ከረዘመ ሁለተኛውም እግር ይፈታል። "አሜን" ስትል ብድግ ይላሉ።

"እማማ፣ ዛሬ ስምንተኛ ፎቅ ነው የምሠራው።"

"አይዞህ ልጄ፣ ሰምቷል።"

"ማን?"

"ሂድ ወደ ሥራህ!"

ሥራቸው የዋዛ አይደለም። ከበታቻቸው ባዶ ጉድጓድ፣ ከላያቸው ገመድ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት እንቅልፍ ጥሏቸው፣ ጫማ ሳያስሩ በሩጫ አለፉን። ያን ዕለት ጉድጓዱ ውስጥ ከመሰላል ወድቀው ክንዳቸው ተሰበረ። "አጋጣሚ ነው፤ መሰላሉ ላልቶ ነበር" አሉ። መሰላሉን አጠበቁ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ቀን አርፍደው አያውቁም።

ሆስፒታል ያደረስኳቸው እኔ ነበርኩ። መዝጋቢዋ ልጅ ስምና ዕድሜ ጠይቃ ስታበቃ "ሃይማኖት?" አለቻቸው።

"የለኝም!" አሉ፣ ሕመማቸውን ረስተው ኮራ ብለው።

ልጅቷም "የለውም" ብላ ጻፈች። አንገታቸውን አስግገው አዩት። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ምነው የኔ ልጅ? አሳዳጊ የበደለው አስመሰልሽኝ እኮ። የእናቴን ጻፊልኝ።"

"እናትዎ ያምናሉ?"

"እሷማ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለሁለታችንም የሚበቃ ነበራት።"

ልጅቷ ብዕሯን ይዛ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ክንዳቸው ከዳነ በኋላ፣ እናቴና እኔ ከገበያ ስንመለስ ሊፍቱ በሁለተኛና በሦስተኛ ፎቅ መካከል ቀጥ አለብን። መብራቱ ጠፋ። እኔ ላብ አጠመቀኝ፤ እናቴ ድንቹ እንዳይፈስ ዘንቢሏን አስተካክላ ቆመች። ብዙም ሳይቆይ ከላይ በጉድጓዱ ውስጥ የታወቀው ድምፅ መጣ።

"እማማ! አሉ?"

"የት እሄዳለሁ ልጄ?"

"አይዞዎት። ፍሬኑን በእጄ ልለቀው ነው። ቀስ ብሎ ይወርዳል።"

"ቆይ! ሳይጸለይ እንዳትነካው!" ብላ ወደ እኔ ዞረች። "በል፣ አንተ ምራ።"

"ያሳደርከን፣ ቀኑንም ያዝልን" አልኩ። "የወጣውን በሰላም መልስልን።" ከዚያ ቆምኩ። በልጅነቴ የተማርኳት እስከዚህ ናት። "አሜን" ብዬ ልዘጋት ሞከርኩ።

"መች አለቀና!" አለች እናቴ። ከላይ ሳል የመሰለ ነገር ተሰማ፤ ሰው ሊናገር ሲል ራሱን እንደሚይዘው ዓይነት። እናቴ "ወልጄ ሞቻለሁ!" ብላኝ የቀረውን በሹክሹክታ ለራሷ ጨረሰችው። ቀጥሎም አንገቷን ቀና አድርጋ "አሜን በል!" ብላ ጮኸች።

"እማማ፣ ፍሬን ይዣለሁ እኮ!"

"አሜን!"



"እሺ፣ ለፍሬኑ ስል፣ አሜን!"

ወረድን። ሕንጻው በሙሉ ሰምቶ ነበርና በማግስቱ ጥበቃው "እንኳን ደህና መጡ ወደ ሃይማኖት" ብሎ ተቀበላቸው። ሳምንት ሙሉ አኮረፉት።

ባለፈው ወር እህቴ ወለደችና እናቴ ልታርሳት ሌላ ከተማ ሄደች። በማግስቱ ጠዋት የጥርስ ብሩሽ አፌ ውስጥ እንዳለ፣ ከውጭ ጫማ ሲፈታ ሰማሁ። ታሰረ። ተፈታ። እንደገና ታሰረ። በሩን ከፈትኩ።

"እናትህ የሉም እንዴ?"

"እህቴ ወልዳ እሷ ጋ ሄዳለች።"

"እሰይ! እንኳን ፈጣሪ በሰላም ገላገላት!" አሉ ከልባቸው። ቀጥለው ግን ፊታቸው ጭፍግግ አለ። "ይቆያሉ?"

"ወር ያህል።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግን አልተነሡም። "ዛሬ ማዶ ያለው አዲሱ ሕንጻ ላይ ነኝ" አሉ፣ ጫማቸውን እያዩ። "ዋናውን ገመድ ነው የምንቀይረው። የመጨረሻው ፎቅ ላይ።"

"ልደውልላት?"

"ኧረ ተው፣ አራስ ቤት ያሉ ሰው! እንዲሁ እንድታውቀው ብዬ ነው።"

ክንዳቸውን፣ ያንን የተሰበረውን፣ በሌላው እጃቸው ይዘውት ነበር። እኚህ ሰው ፈርተዋል፤ እኔም ፈራሁላቸው። አፌን ተጉመጥምጬ ተመለስኩና እናቴ የምትቆምበት ደፍ ላይ ቆምኩ። እሳቸው ወዲያው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ማሰሪያቸውን ፈቱ።

"ያሳደርከን፣ ቀኑንም ያዝልን" አልኩ። ድምፄ ለራሴም ባዕድ ሆነብኝ። "የወጣውን በሰላም መልስልን።"

ቆምኩ። ያቺው ገደል።

"ከፍ ያለውን አትጣልብን" አሉ አቶ አላምንም፣ ቀስ ብለው፣ ለጫማቸው።

"ከፍ ያለውን አትጣልብን።"

"ዝቅ ያለውን አትርሳብን።"

"ዝቅ ያለውን አትርሳብን። አሜን።" አሜኗን እንኳ አብረን ነው ያልናት።

"በልጅነቴ ይህ አልነበረም" አልኳቸው።

"አልነበረም" አሉና ተነሡ። ሹመቱ ሁሉ ፊታቸው ላይ ተመለሰ። "ክንዴ የተሰበረ ሰሞን ለእኔ የጨመሩልኝ ነው።"

መሣሪያቸውን አንጠልጥለው ወረዱ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሠራሁም። በመስኮት አዲሱን ሕንጻ ሳይ ዋልኩ፤ ያቺን "ከፍ ያለውን አትጣልብን" የምትለዋን መስመር ስንት ጊዜ እንደደገምኳት እንጃ። ያን ዕለት ስልኬ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ እንኳ አላውቅም ነበር።

አመሻሹ ላይ ያ ከባድ ጫማ ደረጃውን ሲወጣ ሰማሁ። በሬ ተንኳኳ። ፊታቸው በቅባት ጠቁሮ፣ ጥርሳቸው ነጭ ሆኖ ቆመዋል።

"ተመለስኩ። እንዲሁ እንድታውቀው ብዬ ነው።"

"ፈጣሪ ይመስገን!" አልኩ። ከልቤ ነበር፤ ለራሴም ገረመኝ።

"የለም እንጂ" አሉና ወደ አራተኛ ፎቅ ጥቂት ደረጃ ወጡ። ከዚያ ዞር አሉ። "ደግሞ ነገ ቀደም ብለህ ተነሥ፤ ጫማ ማሰር ሰልችቶኛል።"