ሳይቀመስ የሚጠጣ ቢራ

ከአዲስ አበባ ተዛውሮ ጎባ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ገጥሟችሁ ያውቃል? በጠላ ያደገ ሰው ነው፤ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ሲደርስ ግን ጠላ ሆዱን ይነፋዋል። ከቢራ በቀር አይጠጣም።

ጠላ ሻጯ እማማ ዘነበች ይህን ሰምተው አንድ ጠርሙስ ቢራ ገዝተው ጋበዙት። የሟች ባላቸውን መሬት ዋርሳቸው፣ የባላቸው ወንድም፣ ሊነጥቃቸው ነው፤ ፋይላቸው በማግስቱ ለችሎት እንዲቀርብላቸው ሊለምኑት ነበር። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔም ተጠርቻለሁ።

ቢራውን ከፍተው፣ ጠላ ሲያቀርቡ እንደሚያደርጉት፣ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። መርዝ የለበትም ማለታቸው ነው። ከዚህ የበለጠ ክብር ከየት ያምጡ?

ጸሐፊው ብድግ አለ። «ሴትዮ፣ ቢራ ፋብሪካ ተቀምሶ ነው የሚመጣው! ትራፊዎን ሊያጠጡኝ ነው?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ለክብርዎ ብዬ ነው!»

«የታሸገ ሌላ አለ?»

«ይቺው ናት።»

ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። በማግስቱ ችሎት ስማቸው ሳይጠራ ቀረ፤ የእሳቸው ማመልከቻ ሳይታይ መሬቱ ለዋርሳቸው ተፈረደ።

እማማ እስካሁን ይጠይቁኛል። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሳልቀምስ ልስጠው ኖሯል?»

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም እላቸዋለሁ። መሬታቸው ላይ ግን የዋርሳቸው ገብስ በቅሏል።